ስሙ የማይጠራው ዓሣ

የቤቴልሔም አባት፣ ውዴ፤

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። መቃብርህ አጠገብ የተከልነው ጽድ ጉልበቴን አልፎ ወገቤ ጋ ሊደርስ ነው። ቤቴልሔም ደህና ናት። ኮሌጅ ገብታለች፤ ስትስቅ እንዳንተ ዓይኗ ይጠፋል። አባትህም በሕይወት አሉ፣ የዓይናቸው ብርሃን ግን ፈጽሞ ስለጠፋ ሰው የሚለዩት በድምፅና በእጅ ነው። ስምህን ጠርቼህ አላውቅም፤ በእናንተ ቤት ሚስት ባሏን በልጁ ስም እንጂ በስሙ አትጠራምና አሁንም በለመድኩት ልጥራህ።

ለባለቤቴ ልጽፍ ነው ስለው ፓስተራችን ሙታን ደብዳቤ አያነቡም አለኝ። እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ስለ ቦዮ ሐይቅ ለሕያዋኑ ያልጻፍኩት ማመልከቻ የለም። ቀበሌ ገባሁ፣ ወረዳ ገባሁ፣ ዞን ድረስ ሄድኩ። ፈርመው ይቀበሉኝና መሳቢያ ውስጥ ይቀብሩታል። የማይነበብ ነገር መጻፌ ካልቀረ ለምወደው ሰው ልጻፍ ብዬ ነው።

ተናድጃለሁ፤ ይህን አስቀድመህ እወቅልኝ። ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ ሲለኝ ነበር። አለቀስኩ፣ እንባውም ወጣልኝ። ንዴቱ ግን እዚያው ሆዴ ውስጥ ከርሞ ዘንድሮ ባሰበት።

ለምን በአማርኛ ጻፍሽ ትለኝ ይሆናል። እኔና አንተ የኖርነው በሐዲይኛ ነው። አማርኛ የምናወጣው ሆሳዕና ቢሮ ስንሄድና እናትህ እንዳይሰሙን ቀስ ብለን ስንጣላ ነበር። ዘንድሮ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ከርሜ ልጣላህ የመጣሁ ነኝና አማርኛው ይስማማናል። ደግሞም በአማርኛ ዓሣ ማለት እችላለሁ።

አንተ ምክንያቱን ታውቃለህ፤ ቤቴልሔም አንድ ቀን ይህን ካነበበች እንዲገባት ልጻፈው። በሐዲይኛ የዓሣ ስምና የአባትህ ስም በአንድ ድምፅ ይጀምራሉ። በቤታችሁ ደንብ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፣ በዚያ ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትተወውና በምትኩ ሌላ ትላለች። እናትህ፣ አሁን አጠገብህ ያረፉት፣ ሙሽራ ሆኜ በገባሁ ሰሞን ጓዳ አስቀምጠው አስጠኑኝ። ይህን እንዲህ በዪ፣ ያንን እንዲያ በዪ እያሉ ቆይተው ዓሣ ላይ ሲደርሱ ራሳቸው ሳቁ። የውሃ ልጅ በዪ አሉኝ።

ዓሣ አጥማጅ አግብታ ዓሣ ማለት የማትችል ሴት ሆንኩልህ። ቦኖሻ ገበያ ምን ይዘሻል ሲሉኝ የውሃ ልጅ እላለሁ፤ ሰዉ ለምዶኛልና ፈገግ ብሎ ይገዛኛል። የዛሬ ሙሽሮች ይህን ደንብ አይጠብቁትም፣ ቤተ ክርስቲያንም አታስገድድም። እኔ የጠበቅሁት ግን ፈርቼ አልነበረም። አባባ፣ አባትህ፣ ቃሉን እየዞርኩ ስናገር በሰሙ ቁጥር አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ተባረኪ ልጄ ይሉኝ ነበር። አባት ሳላውቅ ላደግሁት ለእኔ ያ ምርቃት ትልቅ ነገር ነበር።

አሁን ስለ አንተ ላንሳ፤ ሳልረሳው። መረብ ስትሠራ ሦስት ጣትህን አጣብቀህ በየቀዳዳው ታሳልፍ ነበር። ሦስት ጣት የማያሳልፍ መረብ አይደለም፣ ወንፊት ነው ትል ነበር። ይህን ያስተማሩህ አባባ ናቸው፤ እሳቸውም ከአባታቸው ነው የተማሩት። አንዳንዴ እኔ የቤት ሥራዬን ትቼ አጠገብህ ስቀመጥ የእኔን ጣት ትለካና ያንቺ ቀጭን ነው፣ ባንቺ ጣት ብንሄድ ሐይቁን እንጨርሰዋለን ብለህ ትቀልድብኝ ነበር።

ጅረቱ ወደ ቦዮ የሚገባበትን ቦታ በሩ ትሉታላችሁ። ክረምት ሲሆን ውሃው ሞልቶ ሣሩን ይሸፍናል፤ አምባዛው ዓሣ ከሐይቁ ተነስቶ ወደዚያ ሣር ይወጣና እንቁላሉን ይጥላል። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እንደጣለ መረብህን አጣጥፈህ ቆጥ ላይ ታወጣና በርበሬ ልትኮተኩት ትሄድ ነበር። ጎረቤቱ በሩ ላይ አንድ ቀን እንኳ ጣል አድርግ፣ ዓሣው እግር ሥር ነው ያለው ሲልህ፣ ምጥ የተያዘች ሴት ደጅ ላይ መረብ አይዘረጋም ብለህ ትመልስ ነበር። መስከረም ጠብቶ ውሃው እስኪጠራ ወደዚያ ዝር አትልም።

አንድ ጠዋት ደግሞ ታንኳው ላይ አስቀምጠኸኝ ከመረቡ አንዲት የቆሮሶ ዓሣ አወጣህ። መዳፍሽን ዘርጊ አልከኝና አፏን ወደ ታች ዘንበል ስታደርገው የጎመን ዘር የሚያካክሉ ልጆች ከአፏ ፈሰሱ። ልጆቿን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድጋቸው፣ እስኪጠነክሩ ድረስ እህል አትቀምስም አልከኝ። ከዚያ እሷንም ልጆቿንም ቀስ አድርገህ ውሃው ውስጥ መለስካቸውና ይቅርታ እመቤቴ አልካት። እኔን አንድ ቀን እንደዚያ ብለኸኝ አታውቅም። ቀናሁባት፣ እውነቴን ነው።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ሆሳዕና ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችው ዓሣ ቤታችን አልተዘጋችም። ሹፌሩም ረዳቱም፣ የአዲስ አበባ ትኬት ቆርጦ መኪና እስኪሞላ የሚጠብቀውም መንገደኛ ይመጣል። በቀለም የጻፍከው ታፔላ ግን ወርዷል። "የቦዮ ትኩስ ዓሣ" ብለህ ከሥሩ የሣልከው ዓሣ ጫማ ይመስል ስለነበር ረዳቶቹ ጫማ ቤት እንሂድ ይባባሉ ነበር፤ አንተም ሰምተህ ታኮርፍ ነበር። ያወረድኩት እኔ ነኝ። ዛሬ የምጠብሰው ዓሣ ከዝዋይ በበረዶ ተጭኖ የሚመጣ ነው። በዚያ ታፔላ ሥር የሌላ ሐይቅ ዓሣ መሸጥ አልቻልኩም።

አንድ ቀን ከጃጁራ የመጡ ሽማግሌ እየበሉ የቦዮ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይደለም፣ የዝዋይ ነው አልኳቸው። አጥንቱን እየለቀሙ ቦዮ ዓሣ ነው ያለቀበት ወይስ ሰው አሉኝ። ውሃ ላምጣልዎ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ሐይቁን ብታየው አታውቀውም። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ የተራቆተውን ተራራ አፈር እያመጣ ይደፋበታል። ታንኳህን ታስርበት የነበረው ግንድ ዛሬ በርበሬ ማሳ መካከል ቆሟል። እርሻው ውሃው አፍ ድረስ ደርሷል፣ ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። የተባይ መድኃኒት የረጩበትን ዕቃ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ያጥቡታል፤ ከዚያው ውሃ ደግሞ ከብት ያጠጣሉ። ጉማሬዎቹ በተረፈቻቸው ጭቃ ላይ ተጠጋግተው ይውላሉ። እነዚያ ሲጨፍሩ ልታሳየኝ በማለዳ ትቀሰቅሰኝ የነበሩት ረጃጅም ወፎች ዘንድሮ መጡ፣ ጥቂት ቀን ቆመው ዋሉና ሄዱ። የማን ጥፋት ነው ብትለኝ ሁሉም የድርሻው አለው፤ እኔም በርበሬ እበላለሁ። ዛሬ ልነግርህ የፈለግሁት ግን በሩ ላይ ስለተሠራው ነው።

አጎበሩን ታስታውሳለህ። የኛ ቆላ የወባ አገር ነውና ከጤና ጣቢያ ለየቤቱ ሲታደል ለኛም ደረሰን፤ አንዱ ለቤቴልሔም፣ አንዱ ለኛ አልጋ። የኛን አይጥ በላብን፤ የክር ቀለም ሳልመርጥ በቀይ ክር ጠገንኩት፣ አንተም ሌሊት ዓይኔን ስገልጥ ደም ይመስለኛል ብለህ ሳቅህብኝ። ብዙም ሳይቆይ ታናሽ ወንድምህ ደሳለኝ መጣ። ልጆቼ ብዙ ናቸው፣ የተሰጠን አይበቃንም አለ። አንተ ከአልጋችን ላይ ፈትተህ ሰጠኸው። እኛስ ስልህ ወንድም ሲለምን ፊት አይዞርበትም አልከኝ። በዚያው ዓመት ወባ ያዘህ። አገረሸብህ። ሆሳዕና ስናደርስህ ጊዜው አልፎ ነበር።

አንተም ላይ ተናድጃለሁ፤ ካልነገርኩህ ለማን እነግራለሁ? ቀብርህ ላይ ሰው ሁሉ ደግ ነበር፣ ያለውን አይነፍግም ነበር እያለ አወራ። እኔ ከአግዳሚው ላይ ተቀምጬ የሰጠኸው ያለህን አይደለም፣ የኔን ባል ነው እያልኩ በሆዴ አወራ ነበር። ደግነትህን ስወደው ኖሬያለሁ። አሁን ግን ሳስበው ያንገበግበኛል፣ ሌሊት አልጋው ሰፍቶኝ ስገላበጥ ደግሞ ይብስብኛል።

እስከ ዘንድሮ ድረስ ግን ቢያንስ የደሳለኝ ልጆች ከወባ ተርፈውበታል ብዬ እጽናና ነበር። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲጀምር አባባን ልጠይቅ ከሆሳዕና ወደ አገር ቤት ወረድኩ። እግረ መንገዴን በሩን ልየው ብዬ ወደ ጅረቱ ሄድኩ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚሉት እኔን ነው።

ከዳር እስከ ዳር ካስማ ተተክሏል። ካስማው ላይ አጎበር ከአጎበር ጋር ተሰፍቶ፣ ታችኛው ጠርዝ በድንጋይ ተጭኖ የጅረቱን አፍ ዘግቶታል። ከሐይቁ የሚወጣ አምባዛ አያልፍም፣ ከሣሩ የሚመለስ ልጅ አያመልጥም። ዳር ላይ ማዳበሪያ ጆንያ አንጥፈው ያሰጡትን ሳይ መጀመሪያ ጤፍ መሰለኝ። ጎንበስ ስል ዓይን አላቸው። ዓሣ ናቸው፣ ገና ከእንቁላል የወጡ፣ ሺህ ቢሆኑ ለአንድ ሰው ጉርሻ የማይሆኑ። የደረቀውን ዓሣ የዶሮ መኖ የሚሠሩ ነጋዴዎች በኩንታል እንደሚወስዱት ኋላ ሰማሁ። መረቡን በእጄ እየዳበስኩ ስሄድ ጣቴ አንድ እብጠት ላይ ቆመ። ቀይ ክር ነበር።

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። የደሳለኝ ልጆች አልተኙበትም። ማንም አልተኛበትም። አንተ ካለሱ ተኝተህ ሞትክ፣ እሱ ደግሞ ዓሣ ይገድልበታል። ያ አጎበር ትንኝ የሚገድል መድኃኒት የተነከረ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲዘፈቅ ዓሣው የሚበላቸውን ትንንሽ ነፍሳት ምን እንደሚያደርጋቸው አንተ ቶሎ ይገባህ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ዓሣ የምልጥበት ቢላዋ ነበረኝ። ጥገናዬን ዙሪያውን ቆርጬ ወሰድኩት። የቀረውን መቦጨቅ አሰኝቶኝ ነበር፣ ግን በማግስቱ መልሰው እንደሚሰፉት አውቄ ተውኩት።

መጀመሪያ ደሳለኝን ጠየቅሁት። ለቤት የምትሆን ትንሽ ነገር ነው የምናወጣው፣ ሰው ሁሉ እያወጣ እኔ ብቻ ብተው ሐይቁ ይሞላል ወይ አለኝ። ከዚያ ቢሮ ለቢሮ መዞር ጀመርኩ። ጤናዎቹ እኛ የምናድል ነን፣ ከታደለ በኋላ አይመለከተንም አሉ። ግብርናዎቹ የውሃ ጉዳይ ነው አሉ። ውሃዎቹ የምንመለከተው የመጠጥ ውሃ ነው አሉ። የአብዬን ወደ እምዬ ሲያላክኩ እኔ መሐል ላይ ቆሜ ክረምቱ ገባ። ሳይቃጠል በቅጠል ነበር ነገሩ፤ እነሱ ግን ቅጠሉ የማን መምሪያ እንደሆነ ሲከራከሩ ነደደ።

ስትሰማው የምትስቅበት አንድ ነገር አለ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ቦኖሻ ላይ ስለ ሐይቁ አንድ ቀን ስብሰባ ተጠራ። ባነር ተሰቀለ፣ ከከተማ እንግዶች መጡ። ርእሱ ሐይቁን ስለሚመለከት ምሳው ዓሣ ይሁን ተባለ። ከማን እንደታዘዘ ገምት። ከእኔ። የቦዮን ዓሣ እናድን ብለው የተሰበሰቡትን ሰዎች የዝዋይ ዓሣ ጠብሼ አበላሁ። ጥሩ ነው፣ የአካባቢያችሁ ዓሣ ጣዕም አለው አሉኝ። ከምሳ በኋላ ብዙም ሳይናገሩ ተበተኑ። መረቡ እዚያው ነበር።

ደሳለኝ የሚፈራው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ታውቃለህ። በሩ ያለበት መሬት የአባባ ነው፤ እሳቸው አይሆንም ካሉ ነጋዴውም ደሳለኝም ካስማቸውን ነቅለው ይሄዳሉ። ነገር ግን አባባ አያዩም። ልጃቸው ለወጥ የምትሆን ጥቂት እናወጣለን ሲላቸው አመኑት። የዘንድሮ አምባዛ ሣሩ ውስጥ የሚወልደው በዚሁ ክረምት ነው፤ እስከ መስከረም ከተዘጋበት የሚከርመው ዓሣ አይኖርም። ስለዚህ እሁድ ከአምልኮ በኋላ የአክስትህን ልጅ ጋብቻ ለመመካከር ቤተ ዘመድ አባባ ቤት ሲሰበሰብ እኔም ሄድኩ።

ምክሩ ሲያልቅ ተነስቼ በደንቡ ተናገርኩ። አባባ፣ በሩ ላይ የውሃ ልጅ እየፈጁ ነው አልኩ። ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። ታዲያ ልጄ፣ የውሃ ልጅ ለዚሁ አይደል፣ ይብሉት እንጂ አሉ። ዓሣ ያልኩ መሰላቸው። አልተሳሳቱም፤ ካገባሁ ጀምሮ የውሃ ልጅ ስል ዓሣ ማለቴ እንደሆነ ነው የሚያውቁት። እናትህ የሰጡኝ ቃል ትልቁን ከትንሹ አይለይም። እንደገና ሞከርኩ። የውሃ ልጅ ልጆችን ማለቴ ነው አልኩ። ቤቱ በሳቅ አለቀ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ደሳለኝ ነበር፤ እንኳን ለልጅ ልጅ አደረሰን አለ።

እኔ ቆሜ እነሱ ይስቃሉ። ያቺ ቆሮሶ ትዝ አለችኝ፣ በአፏ የያዘችው። ይህን ያህል ዘመን በአፌ ውስጥ የያዝኩት ቃል ከዚያ በላይ አልተያዘልኝም። ዓሣ አልኩ። በሐዲይኛ፣ ሳልዞረው፣ ሙሉውን። ዓሣ ነው የምላችሁ፣ የዓሣ ልጆች፣ እንቁላል የያዘች ዓሣ፣ በሩ ላይ በአጎበር እየጨረሱት ያለው ዓሣ አልኩ። ቃሉ በአፌ ውስጥ እንግዳ ነበር፤ ድምፄ የሌላ ሴት መሰለኝ።

ሳቁ ተቆረጠ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ደሳለኝ ብድግ አለና የአባቴን ስም ደፈረች፣ ወንድሜ ቢኖር ይህን አትናገርም ነበር አለ። አባባ እጃቸውን አንስተው አስቀመጡት። ወደ ድምፄ ዞሩ።

"ይህን ቃል ከአንቺ ሰምቼ አላውቅም። ምን አስጠራሽ?"

ቦርሳዬን ከፍቼ የቆረጥኩትን ጨርቅ መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። የአጎበር ጨርቅ መሆኑን ወዲያው አወቁ። ከዚያ አንተ ታደርገው እንደነበረው ሦስት ጣታቸውን አጣበቁና ቀዳዳ ፈለጉ። ሦስቱ አልገባም። አንዱን ጣት ሞከሩ። ትንሿን ጣት ሞከሩ። ጥፍራቸው እንኳ አላለፈም።

"ጣቴ የት ይግባ?" አሉ።

ጣታቸው ወደ ጥገናው ሄዶ እብጠቱ ላይ ቆመና ይህስ ምንድን ነው አሉኝ። ቀይ ክር ነው፣ እኔ የጠገንኩት ነው፣ ከቤቴልሔም አባት አልጋ ላይ ለደሳለኝ ልጆች ተብሎ የተወሰደው አጎበር ነው፣ በሩ ላይ ተሰፍቶ አገኘሁት አልኳቸው። አባባ ጨርቁን አጣጠፉ፣ ደጋግመው አጣጠፉ፣ የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ደሳለኝ መሬት መሬት ያይ ነበር። አጎበሮቹን ሲሰፉ የትኛው የማን እንደሆነ ያላወቀ ይመስለኛል፤ አለማወቁም አናደደኝ።

አባባ ደሳለኝን ሳይመሽ ካስማውን እንዲነቅል አዘዙት። ከእንግዲህ በእሳቸው መሬት ላይ ሦስት ጣት የማያሳልፍ እንዳይዘረጋ፣ ክረምት ደግሞ ጨርሶ መረብ እንዳይታይ ተናገሩ። ካላመናችሁኝ መረባችሁን እያመጣችሁ አስዳብሱኝ፣ ጣቴ ዓይን አለው አሉ። ከዚያ እኔን አስጠግተው እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩ። እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር።

"ጠርተሽዋል እንግዲህ። ከሰማሽ ይምጣ። ባይመጣም ጥሪሽን አታቋርጪ፤ እኛ ስሙን ዝም ስንል የሌለ አድርገነዋል።"

በዚያው ቀን መረቡ ተነሳ፣ እኔም ዳር ቆሜ አየሁ። ነጋዴዎቹ ሌላ ቦታ እንደሚያገኙ አውቃለሁ፤ ሐይቁ ዙሪያውን ሰፊ ነው፣ አባባ ያላቸው አንድ በር ነው። ደለሉም ይወርዳል፣ ፓምፑም ባለፈው ስወርድ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ቢሮዎቹ ደግሞ መረቡ እንደተነሳ ሲሰሙ ውጤት አገኘን ብለው ፎቶ ሊያነሱ መጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አምባዛው በዚህ ክረምት ወደ ሣሩ ይውጣ አይውጣ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም፤ ሄጄ ሳይ ውሃው ደፍርሶ ምንም አይታይበትም።

ደሳለኝ ሰላም አይለኝም። ፓስተሩ ይቅር በዪ ይለኛል። እላለሁ፣ ለእግዚአብሔርም ቃል ገብቻለሁ፤ ዘንድሮ ግን አይሆንልኝም። አንተንም ይቅር እልሃለሁ። ቀድሞም ብዬህ ሳይሆን አይቀርም፣ ንዴቴ ሲበርድ አንዳንድ ጠዋት ተነስቼ የአልጋውን ያንተን ወገን አነጥፋለሁና። አሁን አዲስ አጎበር አለኝ። ለማንም አልሰጥም፤ ቢቀየሙኝም ይቀየሙኝ።

ታፔላህን ከዓሣ ቤታችን መዝጊያ ጀርባ አቁሜዋለሁ። የቦዮ ዓሣ፣ ሦስት ጣት ባሳለፈ መረብ የተያዘ፣ እጄ የገባ ቀን እሰቅለዋለሁ። ረዳቶቹ ጫማ ቤት ይበሉት። እኔ ሳልደርስበት ከቀረሁ ቤቴልሔም ትሰቅለዋለች፣ ነግሬያታለሁ። እስከዚያው ድረስ አባባ ፈቅደውልኛልና ወደ አገር ቤት በወረድኩ ቁጥር በሩ ላይ ቆሜ ዓሣውን በሐዲይኛ በስሙ እጠራዋለሁ። ሰው አብዳለች ቢል ግድ የለኝም። አንተንም ከእንግዲህ በልጅህ ስም እየዞርኩ አልጠራህም፤ እየዞሩ የጠሩት ነገር ሲጠፋ አይቻለሁ። መቃብርህ ላይ ስቆም፣ መረብ በእጄ ስዳብስ፣ ቆሮሶ በሳሕን ላይ ሳስቀምጥ አፌን ሞልቼ የምጠራህ በስምህ ነው፣ ጴጥሮስ።